የኩላሊትን የደም ፍሰት በምን እንለካ? የላቦራቶሪ ዘዴዎች ምዘና ከላስታ ደጋ አንጻር

(በላሊበላ ከተማ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። በኩላሊት ውስጥ በደቂቃ ምን ያህል ደም ያልፋል ብሎ ከላቦራቶሪ ውጭ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። ነገር ግን በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ በተቅማጥና በትውከት ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን፣ ወይም የደም ግፊቱ ሳይታወቅለት ለዓመታት የኖረ ገበሬ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ ሐኪሙ ጥያቄውን በቃል ባያነሣውም በልቡ ይይዘዋል፦ ደሙ ኩላሊቱ ዘንድ እየደረሰ ነው ወይስ አይደለም? ለዚህ ጥያቄ በአብዛኛው በእጃችን ያሉት መልሶች ሁለት ናቸው፤ የሽንት መጠንና የክሪያቲኒን ምርመራ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ሁለቱም ግን የሚናገሩት ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው።

የአንድ ጎልማሳ ሰው ሁለት ኩላሊቶች ተደምረው 300 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ከሰውነቱ ክብደት የመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞሉም። ይሁን እንጂ ሰውየው አርፎ በተቀመጠበት ሰዓት ልብ ከምትረጨው ደም ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ እጅ ይወስዳሉ፤ ይህም በደቂቃ ከአንድ ሊትር በላይ፣ በቀን ከ1,500 ሊትር በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ደም የሚመጣው ኩላሊት ለራሱ ስለሚያስፈልገው ሳይሆን ሊጣራ ነው። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስደንቀው ስርጭቱ ነው። ከሚገባው ደም ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ ቅርፊት ወደምንለው ወደ ውጭኛው ክፍል ይሄዳል። ሽንት የሚወፍርበትን ውስጠኛውን ክፍል የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ በዚያም የኦክስጅን ግፊቱ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ድረስ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ስለዚህ ኩላሊት በጠቅላላው ሲታይ ባለጸጋ፣ በውስጡ ግን ድኻ የሆነ አካል ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

አንድን ዘዴ ስመዝን አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ዋጋው ወይም ስለ ዘመናዊነቱ አይደለም። መሣሪያው ቁጥር ሲሰጠኝ በእርግጥ የለካው ምንድን ነው? ቁጥሩ እውነት እንዲሆን ሳላስተውል የተቀበልሁት ግምት የትኛው ነው? ያ ግምትስ እዚህ በላስታ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ፣ በዚህ አመጋገብና በዚህ አኗኗር ይጸናል?

ከመሠረቱ ልጀምር። በባልዲ ልትቀዱት የማትችሉት ወንዝ አለ እንበል፤ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈስ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ከላይ ሆናችሁ በየደቂቃው 10 ግራም ጨው ሳታቋርጡ ትጨምራላችሁ። ከታች፣ ጨውና ውኃው በሚገባ ከተቀላቀሉበት ቦታ፣ ውኃ ቀድታችሁ ብትመረምሩና በአንድ ሊትር ውስጥ 0.1 ግራም ጨው ተጨምሮ ብታገኙ፣ ወንዙ በደቂቃ 100 ሊትር ይፈሳል ማለት ነው። አዶልፍ ፊክ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1870 ባቀረበው አጭር ጽሑፍ የልብን የደም ርጭት ለማወቅ ያመለከተው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። እርሱ ራሱ በሰው ላይ አልለካበትም፤ ሐሳቡን ብቻ ሰጠ። ኩላሊት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኩላሊት ጨው ጨማሪ ሳይሆን ቀናሽ ነው። በየደቂቃው ከደሙ ያወጣውን በሽንት እንለካለን፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ሲያልፍ ስንት እንደ ቀነሰ ካወቅን፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንዳለፈ በማካፈል ይገኛል።

ለዚህ የሚሆን ንጥረ ነገር ኩላሊት በአንድ ማለፍ ጠራርጎ የሚያወጣው መሆን አለበት። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሆመር ስሚዝና ባልደረቦቹ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ብዙ ንጥረ ነገሮችን ከሞከሩ በኋላ በፓራ አሚኖ ሂፑሪክ አሲድ ላይ ጸኑ፤ ከዚህ በኋላ ፒ.ኤ.ኤች. እለዋለሁ። ጤነኛ ኩላሊት በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ዝቅተኛ እስከ ሆነ ድረስ ከፒ.ኤ.ኤች. 90 በመቶ ያህሉን በአንድ ማለፍ ያወጣዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 12 ሚሊ ግራም ቢገኝ፣ ሽንቱ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ በፕላዝማ ውስጥ ደግሞ 0.02 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ 12 ለ0.02 ሲካፈል በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ይሆናል። ቀሪው ሁሉ የተማረው በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ሌሎቹ ዘዴዎችም እስከ ዛሬ የሚፈተኑት በአብዛኛው ከእርሱ ጋር እየተነጻጸሩ ነው።

በመንገዴ አንድ ነገር ልጥቀስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፔኒሲሊን እጅግ ውድ በነበረበት ወቅት፣ ኩላሊት መድኃኒቱን ፈጥኖ በሽንት ስለሚያስወጣው፣ ፒ.ኤ.ኤች. አብሮ በመስጠት ለማዘግየት ተሞክሮ ነበር። ሁለቱ በአንድ በር ይወጣሉና አንዱ ሌላውን ያጨናንቀዋል። ታሪኩን የማነሣው ለጨዋታ አይደለም፤ ፔኒሲሊን እየተወጋ ያለ ታማሚ ላይ የፒ.ኤ.ኤች. ልኬት ብንሠራ ያው መጨናነቅ ቁጥራችንን ያበላሸዋል።

አሁን ይህን ዘዴ ወደ ላስታ እናምጣው። ምርመራው በቀለም ለውጥ የሚታይ በመሆኑ ተራ የቀለም መለኪያ መሣሪያ ይበቃዋል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እርሱም ውኃ ነው። ተመርማሪው በየ20 ደቂቃው ፊኛውን ባዶ ማድረግ አለበት። ሽንቱ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ከሆነ በ20 ደቂቃ 20 ሚሊ ሊትር ይጠራቀማል፤ ከዚህ 10 ሚሊ ሊትሩ ፊኛ ውስጥ ቢቀር ግማሹ ጠፋ፤ 600 የነበረው 300 ሆኖ ይነበባል። ሰውየው አስቀድሞ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ሽንቱ በደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር ቢሆን ግን፣ ያው 10 ሚሊ ሊትር ቢቀር የሚጠፋው 5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘዴው ትክክለኛነት በቀለም መለኪያው ሳይሆን በጠዋት በተጠጣው ውኃ ላይ የቆመ ነው።

እዚህ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ አለ። በዐቢይ ጾም ምእመኑ እህል ብቻ ሳይሆን ውኃም ሳይቀምስ እስከ ከሰዓት በኋላ ይቆያል። ጾመኛን «ለምርመራው ስትል አንድ ሊትር ውኃ ጠጣ» ማለት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። በፊኛው ውስጥ ቱቦ አስገብቶ ችግሩን ማለፍ ይቻላል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ለጥናት ሲባል ብቻ በጤነኛ ሰው ላይ የኢንፌክሽን በር መክፈትን አልቀበልም። ልኬቱ ከጾም ውጭ ይሁን፤ በጾም የግድ መለካት ካለበት ደግሞ ሽንት በማይፈልግ ዘዴ ይሁን።

ነገሩ ከውኃ ያልፋል። ጾም የሚለካውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል። ጤነኛ ሰው ብዙ ሥጋ ሲበላ የኩላሊቱ የደም ፍሰትና የማጣራት መጠን ለጥቂት ሰዓታት ከፍ እንደሚል ከተረጋገጠ ቆይቷል፤ ፕሮቲን ሲያንስ ደግሞ ዝቅ ይላል። ለሁለት ወር ገደማ ሽሮና ምስር ሲመገብ የቆየ ሰው በፋሲካ ማግስት ዶሮና በግ ሲበላ፣ በሦስት ቀን ልዩነት የተለኩት ሁለት ቁጥሮች የሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊመስሉ ይችላሉ። ክሪያቲኒን ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በበሰለ ሥጋ ውስጥ ክሪያቲኒን ስላለ ከምግቡ በኋላ በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ክሪያቲኒን ሲጨምር በቀመሩ የሚሰላው የማጣራት መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ በፋሲካ ማግስት የሰውየው ኩላሊት በእርግጥ ከወትሮው ይበልጥ እያጣራ ሳለ ወረቀቱ «ቀንሷል» ይላል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው፤ ሥጋ በማይበላና ጡንቻው በሳሳ አዛውንት ላይ ክሪያቲኒኑ ዝቅ ስለሚል የደከመ ኩላሊት ጤነኛ መስሎ ያልፋል። በእኔ ግምት በዚህ አካባቢ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚጎዳው ይህ ሁለተኛው ስሕተት ነው።

ሌላው ጉዳይ የቀለም ምርመራው ነው። ፒ.ኤ.ኤች.ን ቀለም ለማስያዝ የምንጠቀምበት ዘዴ በ1939 በመጀመሪያ የተዘጋጀው የሰልፋ መድኃኒቶችን ለመለካት ነበር። ስለዚህ ኮትሪሞክሳዞል የወሰደ ሰው ደምና ሽንት ፒ.ኤ.ኤች. ሳይሰጠውም ቀለም ያወጣል። ይህ መድኃኒት በአገራችን በየመድኃኒት ቤቱ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ፒ.ኤ.ኤች. ከመሰጠቱ በፊት ደምና ሽንት ወስዶ ማነጻጸር፣ ተመርማሪውንም ከመንደር እስከ መድኃኒት ቤት የወሰደውን ሁሉ በትዕግሥት መጠየቅ ነው።

ፒ.ኤ.ኤች. የሚለካው የፕላዝማ ፍሰትን እንጂ የደም ፍሰትን አይደለም። ወደ ደም ፍሰት ለመመለስ ቀይ የደም ሕዋሳት ከደሙ የያዙትን ድርሻ፣ ሄማቶክሪት የምንለውን፣ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የደጋው ጉዳይ ይመጣል። በአንዲስ ተራሮች ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው እየወፈረ ይሄዳል፤ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን ብዙ ጊዜ ከ18 ግራም ይበልጣል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለ ቦታ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ውጤት ግን ዓለምን አስገረመ። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር፤ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ። ከባሕር ዳርቻ ሰው ብዙም አይለዩም ማለት ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ በጎኑ ገብስ እያመረቱ የሚኖሩት ወገኖቻችን ከአምባራስ ሰዎች ብዙ በማይርቅ ከፍታ ላይ ናቸው።

ይህ በስሌታችን ላይ የሚያመጣውን ተመልከቱ። በሁለት ሰዎች ላይ የፕላዝማ ፍሰቱ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ተለካ እንበል። የአንደኛው ሄማቶክሪት 48 በመቶ ከሆነ የደም ፍሰቱ 962 ሚሊ ሊትር ነው። የሁለተኛው 60 በመቶ ከሆነ 1,250 ይሆናል። አንድ ተመራማሪ «የደጋ ሰው ነው» ብሎ የአንዲሱን ሄማቶክሪት ከመጽሐፍ ወስዶ ለላስታ ሰው ቢጠቀምበት፣ የደም ፍሰቱን በ30 በመቶ አበዛው ማለት ነው። ሄማቶክሪት የምትለካበት ትንሿ ማሽከርከሪያ በብዙ ጤና ተቋማት አለች፤ ልኬቱም ደቂቃዎች ይፈጃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰው ላይ በዕለቱ ይለካ እላለሁ፤ ከመጽሐፍ መውሰድ በምንም ምክንያት አይፈቀድ። የቀይ ደም ሕዋሳትን መመረት የሚያዝዘው ኤሪትሮፖይቲን የተባለው ሆርሞን ራሱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከኩላሊት ነው። ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ ያስረዱት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴመንዛ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስለዚህ በደጋ ላይ ኩላሊት የሚለካ ብቻ ሳይሆን ለኦክስጅን ራሱ ለካኝ የሆነ አካል ነው።

የፒ.ኤ.ኤች. ትልቁ ድካም ግን በደጋም በቆላም ያው ነው፤ ኩላሊት ሲታመም ጠርጎ የማውጣት ኃይሉ ይቀንሳል። በሽንት የተሰላው ቁጥር 300 ሆነ እንበል። ኩላሊቱ 90 በመቶ እያወጣ ከሆነ እውነተኛው የፕላዝማ ፍሰት 333 ነው፤ 50 በመቶ ብቻ እያወጣ ከሆነ ግን 600 ነው፤ ጤነኛ ፍሰት ማለት ነው! የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ ከኩላሊቱ ደም መልስ ናሙና መውሰድ ይጠይቃል፤ ይህም በቀጭን ቱቦ ውስጥ ለውስጥ መግባትን ይፈልጋል። ስለዚህ ዘዴው ጤነኛውን በሚገባ ይለካል፤ ዕውቀቱ ይበልጥ የሚያስፈልገንን ታማሚ ግን ይስተዋል።

ወደ እንስሳት ላቦራቶሪ ልለፍ። የድምፅ ሞገድ የሚልክ ትንሽ መያዣ በኩላሊቱ ደም ቅዳ ላይ ይታሰራል፤ ሞገዱ ከፍሰቱ ጋር ሲሄድና ፍሰቱን ተቃውሞ ሲሄድ የሚወስደው ጊዜ ይለያያል፤ ከልዩነቱም ፍሰቱ በሚሊ ሊትር ይገኛል። በአንድ አይጥ ኩላሊት በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያልፋል። ይህ ዘዴ ከቀድሞው የኤሌክትሮማግኔት መለኪያ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ የቀድሞው ዜሮ ነጥቡን ለማግኘት ደም ቅዳውን ለጊዜው ማነቅ ያስፈልገው ነበር። መድኃኒት በተሰጠበት ቅጽበት ፍሰቱ ሲወጣና ሲወርድ በሰከንድ ለማየት ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ነገር ግን አይጡ ሆዱ ተከፍቶ በማደንዘዣ ሥር ነው፤ ማደንዘዣና ቀዶ ጥገና ራሳቸው የኩላሊትን ፍሰት ይቀንሳሉ።

በዚህ ላይ እኛ ልንዘነጋው የማንችለው ነገር አለ። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በላሊበላ ከፍታ 565 ያህል ነው። ወደ ሳንባ የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊት በዚያ 150 ሲሆን በዚህ 109 ገደማ ይሆናል። የነቃ አይጥ ፈጥኖ በመተንፈስ ጉድለቱን ያካክሳል፤ የደነዘዘ አይጥ ግን ትንፋሹ ስለሚደክም የደሙ ኦክስጅን ይወርዳል፤ ኦክስጅን ሲወርድ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄዱ ነርቮች ይነቃቃሉ፤ ደም ሥሮቹም ይጠባሉ። ተመራማሪው መድኃኒቱ ፍሰቱን ቀነሰ ብሎ የጻፈው በእርግጥ ከፍታው የሠራው ሊሆን ይችላል። ይህ የላሊበላ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናቸው። የአገራችን የፊዚዮሎጂ ላቦራቶሪዎች ብዙዎቹ የደጋ ላቦራቶሪዎች ናቸው፤ በጽሑፎቻችን ላይ ግን የአየር ግፊቱ ሲጻፍ የማየው ከስንት አንድ ነው።

አሁን ያን ድኻ የሆነውን ውስጠኛ ክፍል እናስብ። ተከዜ የሚነሣው ከእነዚህ ከላስታ ተራሮች ነው። ወንዙን ርቆ ከታች ድልይ ላይ ብትለኩት ጠቅላላው ስንት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ገባር ደርቆ ሌላው ሞልቶ እንደ ሆነ ግን አታውቁም። እስካሁን የተናገርሁባቸው ዘዴዎች ሁሉ የድልይ ላይ ዘዴዎች ናቸው። ስርጭቱን ለማየት ሩዶልፍና ሄይማን በ1967 በሰፊው ያስተዋወቋቸው ጥቃቅን ክብ እንክብሎች ተሞክረዋል፤ ወደ ደም ይረጫሉ፤ በቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ውስጥ ተወትፈው ይቀራሉ፤ በየክፍሉ የቀሩት ይቆጠራሉ። ለቅርፊቱ መልካም ነው። ለውስጠኛው ክፍል ግን ከመሠረቱ አይሠራም፤ ምክንያቱም ወደዚያ የሚወርደው ደም አስቀድሞ በቅርፊቱ ሥር ባሉት ማጣሪያዎች ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ እንክብሎቹም እዚያው ማጣሪያው ላይ ይያዛሉ። እንክብል አልተገኘም ማለት ደም አልደረሰም ማለት አይደለም። የሌዘር ዶፕለር መርፌ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ይገባል፤ የሚያየው ግን አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም ሚሊ ሊትር ሳይሆን አንጻራዊ ቁጥር ነው። «ከነበረው በ20 በመቶ ቀነሰ» ለማለት ይበቃል፤ የአንዱን አይጥ ቁጥር ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ግን አይበቃም።

በሐኪሞች እጅ ወዳለው ወደ ዶፕለር አልትራሳውንድ ልምጣ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ማለት ነው፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ሲጀመር፣ በዓለም ዙሪያ የተተከለ ኩላሊት ደም እያገኘ መሆኑ በቅድሚያ የሚታይበት መሣሪያ ይኸው ነበር። ደም አለ ወይስ የለም የሚለውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል። «ስንት ሚሊ ሊትር?» ስንለው ግን ይቸግረዋል። የደም ቅዳው አቅጣጫ 60 ዲግሪ ሆኖ ሳለ መርማሪው 65 ብሎ ቢሞላ ፍጥነቱ በ18 በመቶ ይጋነናል። 5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ስፋት 5.5 ቢለው የመስቀለኛ ስፋቱ በ21 በመቶ ይጋነናል። ሁለቱ ሲባዙ ስሕተቱ ከ40 በመቶ ይበልጣል። በዚያ ላይ ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች አንዱ በአንድ ወገን ከአንድ በላይ የኩላሊት ደም ቅዳ አለው፤ ትንሹን ያላየ መርማሪ ደሙን ሳያውቅ ይተወዋል።

ስለዚህ ባለሙያዎች ሚሊ ሊትርን ትተው የመቋቋም መለኪያ የሚሉትን ይጠቀማሉ። ከፍተኛው ፍጥነት 50፣ የልብ ዕረፍት መጨረሻው ፍጥነት 20 ቢሆን፣ ልዩነቱ 30 ለ50 ተካፍሎ 0.60 ይሆናል፤ ከ0.70 በላይ ሲሆን ያሳስባል። ጥምርታ በመሆኑ የማዕዘን ስሕተት አይነካውም። ግን የደም ፍሰት አይደለም፤ የልብ ምት ሲዘገይ፣ ታላቁ ደም ቅዳ በዕድሜ ሲደርቅም ይለወጣል። ለአንድ ታማሚ ዛሬና ከሳምንት በኋላ ለማነጻጸር እወደዋለሁ፤ «የኩላሊት የደም ፍሰት መለኪያ» ተብሎ ሲጻፍ ግን እቃወማለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ጨረር አመንጪ ቴክኒሺየም በ6 ሰዓት ግማሹ ያልቃል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ24 ሰዓት በኋላ ከ16 አንድ እጅ ብቻ ይቀራል፤ ጋማ ካሜራም ይፈልጋል። በኤም.አር.አይ. የደሙን ውኃ ራሱን ምልክት አድርጎ፣ ምንም ሳይወጉ ፍሰትን መለካት ይቻላል፤ ከሁሉም ይበልጥ ተስፋ የሚጣልበት እርሱ ይመስለኛል፤ ለላስታ ታማሚ ግን ዛሬ የጉዞ ጉዳይ ነው። በዚያው መሣሪያ የሚሠራው የኦክስጅን ምስል ደግሞ ከፍሰት ጋር መምታታት የለበትም፤ የሚያየው ኦክስጅን ያጣውን ሄሞግሎቢን ነው፤ ይህም በከፍታና በሄማቶክሪት ይለወጣል።

ይህን ሁሉ የምመዝነው አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በባህል መድኃኒት ዕፀዋት ላይ ብዙ የሽንት አስወጪነት ጥናቶች ይደረጋሉ። አይጦች ጭማቂው ይሰጣቸዋል፤ የሽንታቸው መጠን፣ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ይለካል፤ ከፉሮሴማይድ ጋር ይነጻጸራል። ሊፕሺትዝ በ1943 የጀመረው ይህ አሠራር ለተሠራበት ዓላማ ደኅና ነው። ችግሩ «ሽንት ጨመረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከጥናቱ ወጥቶ ገበያ ሲደርስ «ለኩላሊት ደም ያበዛል፣ ኩላሊትን ያጥባል» መሆኑ ነው። ሽንት መጨመር የደም ፍሰት መጨመር አይደለም። ፉሮሴማይድ ራሱ ፈሳሽ ያለቀበትን ሰው ሽንት ሊያበዛ ይችላል፤ ወደ ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ግን በዚያው ሰዓት እየቀነሰ ይሄዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ለመቅጠን ሲሉ የዕፅ ውጤት የወሰዱ ሴቶች፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ስለ ነበረበት፣ አንዳንዶቹ ኩላሊታቸው ከሥራ ወጥቷል። ዕፀዋታችንን አልንቅም፤ ከእነርሱ መካከል እውነተኛ መድኃኒት አይጠፋም። ፍሰት ያልለካ ጥናት ግን ስለ ፍሰት አይናገር። ተማሪዎቼ የማይወዱት ደንብ ይህ ነው፤ ብዙ የተዋበ መደምደሚያ ያስቆርጣቸዋልና።

በእኔ ውሳኔ ቢሆን፣ በክልላችን ላለ አንድ ላቦራቶሪ በቅድሚያ የምገዛው የድምፅ ሞገድ የፍሰት መለኪያ ነው፤ ከእርሱ ጋርም ለአይጦቹ ኦክስጅንና የደም ኦክስጅን መለኪያ። አንዱን ያለ ሌላው አልገዛም። በላስታ ሕዝብ ላይ የሚደረገውን ጥናት በተመለከተ ጊዜው ከጾም ውጭ ይሁን፤ ከበዓል ማግስትም ራቅ ይበል። ፈቃደኞች ውኃ ጠጥተው፣ ጠዋት ቡና ሳይጠጡ፣ ከተራራው በእግራቸው ወርደው ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኝተው ይረፉ፤ መቆምና መራመድ የኩላሊትን ፍሰት ይቀንሳሉና። ፒ.ኤ.ኤች.፣ ሄማቶክሪትና ዶፕለር በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጠዋት ይለኩ፤ ያኔ ዶፕለሩ በዚህ ሕዝብ ላይ ምን ያህል እንደሚታመን ከራሳችን መረጃ እናውቃለን። ጤነኛው የላስታ ሰው መነሻ ቁጥር ሳይኖረን የታመመውን በኒው ዮርክ ሰው ቁጥር መመዘን አይገባንም።

እዚህ ለተቀመጣችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ግን የምጠይቀው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በክሪያቲኒን መጠየቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ በእጃችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ታማሚው ጾመኛ ነው ወይ፣ ውኃስ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው፤ ሥጋ የበላው መቼ ነው፤ በዚህ ሳምንት ሰልፋም ሆነ ሌላ መድኃኒት፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ ወስዷል ወይ። በታኅሣሥ 29 ለገና የሚመጣው ምእመን ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ጾሞ፣ በብርድ አድሮ ነው የሚደርሰው፤ ከእነርሱ አንዱ ደክሞ ሲመጣላችሁና ክሪያቲኒኑ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ፈሳሽ ሰጥታችሁ በማግስቱ ድገሙት። በማግስቱ ከወረደ የጎደለው ፍሰት ነበር፤ ካልወረደ ግን ሳትዘገዩ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ላኩት፤ ወረቀቱን ከጀርባው ጽሑፍ ጋር አብራችሁ ስጡት። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።